ሁለተኛውን እጅ መልቀቅ፦ የአንድ እጅ ባክሃንድ እንዴት ይለመዳል?

እስቲ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። የሚኖረው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ነው። የሜዳ ቴኒስ ይጫወታል፤ በዕድሜ እኩዮቹ መካከልም ስማቸው ከሚጠራው አንዱ ነው። በግራ ጎኑ የሚመጣለትን ኳስ ራኬቱን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ ይመልሳል፤ ምቱም አስተማማኝ ነው። አንድ ቀን ግን አሰልጣኙ ያንን ምት እንዲተው፣ ግራ እጁን ለቆ በቀኝ እጁ ብቻ እንዲመታ ይነግረዋል።

ልጁ ምክሩን ተቀበለ። የተከተለው ግን ድል አልነበረም። ትናንት በቀላሉ ይረታቸው የነበሩ ልጆች ይረቱት ጀመር። ኳሱ አንዴ መረቡ ላይ ይቀራል፣ አንዴ ከመስመር ያልፋል። በውድድር ዝርዝር ላይ ስሙ ወደ ታች ወረደ። በዚያን ጊዜ ጨዋታውን ያየ ሰው ‹‹ይህ ልጅ ምን ነካው?›› ቢል አይፈረድበትም።

ልጁ ፒት ሳምፕራስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ገና በ19 ዓመቱ የአሜሪካን ኦፕን ዋንጫ አነሳ፤ በወንዶች ነጠላ ጨዋታ ከእርሱ በዕድሜ ያነሰ ሻምፒዮን እስካሁን በዚያ ውድድር አልታየም። ከ1993 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ዊምብልደንን 7 ጊዜ አሸነፈ፤ በጠቅላላው 14 ታላላቅ ዋንጫዎችን ሰብስቦ ከሜዳ ወጣ። ሁሉንም ያገኘው ያ በልጅነቱ መሸነፊያ የሆነበትን የአንድ እጅ ምት ይዞ ነው።

ለመሆኑ አንድ ልጅ የሚያሸንፍበትን ምት ጥሎ የሚሸነፍበትን ለምን ይማራል? እንዴትስ ይማረዋል? ወላጅስ በዚያ መሀል ምን ማድረግ ይገባዋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

በእጅ ጀርባ የሚመታ ምት

ቴኒስን በቴሌቪዥን ብቻ ለሚያውቁ አንባቢዎቻችን አስቀድመን ጥቂት እንበል። የመጫወቻው ሜዳ ርዝመቱ 23.77 ሜትር ሲሆን አንድ ለአንድ ለሚደረግ ግጥሚያ ወርዱ 8.23 ሜትር ነው። ሜዳውን ለሁለት የሚከፍለው መረብ መሀሉ ላይ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች በቀኙ የመጣለትን ኳስ የመዳፉን ፊት ወደ ኳሱ አዙሮ ይመታል፤ ይህ ፎርሃንድ ይባላል። በግራው የመጣውን ደግሞ ክንዱን በደረቱ ፊት አሻግሮ የእጁን ጀርባ ወደ ኳሱ በማዞር ይመታል፤ ባክሃንድ የሚባለው ይህ ነው። ከዚህ በታች የምንናገረው ስለ ቀኝ እጅ ተጫዋች ስለሆነ ግራኝ የሆናችሁ ወጣቶች ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ እየተካችሁ አንብቡ።

ድሮ ከጥቂት ተጫዋቾች በስተቀር ባክሃንድ የሚመታው በአንድ እጅ ነበር። በ1970ዎቹ ግን ስዊድናዊው ቢዮርን ቦርግ እንዲሁም አሜሪካውያኑ ጂሚ ኮነርስና ክሪስ ኤቨርት ባክሃንዳቸውን በሁለት እጅ እየመቱ ታላላቅ ዋንጫዎችን ሲያነሱ የዓለም ልጆች ተከተሏቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የልጅ ክንድ ደካማ ነው፤ ሁለተኛው እጅ ሲጨመር ራኬቱ አይንቀጠቀጥም፣ ጥቂት ዘግይተው ቢመቱም ኳሱ ይመለሳል፣ ከትከሻ በላይ የነጠረውንም ማውረድ ይቻላል። ዛሬ በየሜዳው ከሚታዩት ልጆች አብዛኞቹ በሁለት እጅ መምታታቸው ያለ ነገር አይደለም።

ታዲያ አንድ እጅ ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ ክንድ ብቻውን ሲዘረጋ ሩቅ ይደርሳል፤ ከጎን እየሸሸ የሚሄደውን ኳስ በሁለት እጅ ለማግኘት አንድ እርምጃ መጨመር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ኳሱን ከላይ ወደ ታች ቆርጦ ዝቅ ብሎ እንዲንሸራተት የሚያደርገው ስላይስ የሚባለው ምት ከአንድ እጅ ጋር የተዛመደ ነው። ሦስተኛ፣ ኳሱ መሬት ሳይነካ ከመረቡ አጠገብ የሚመታው ቮሊ በአንድ እጅ ስለሚመታ፣ ወደ መረብ መሮጥ ለሚወድ ተጫዋች ሁሉም ምቶች ይቀራረቡለታል። አራተኛ፣ በደንብ የተለመደ የአንድ እጅ ምት ረጅምና ነጻ ስለሆነ ኳሱን በኃይል ይልካል።

አንድ አሰልጣኝ፣ ሁለት ምክር

አንዳንድ ወጣት ይህን ሰምቶ ዛሬውኑ አንድ እጁን ልልቀቅ ሊል ይችላል። ይህን ከመወሰኑ በፊት ስለ ስዊድናዊው አሰልጣኝ ስለ ፐርሲ ሮስበርግ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ሮስበርግ በሥራ ዘመኑ ሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች በልጅነታቸው እጁ ገብተዋል። የመጀመሪያው ቢዮርን ቦርግ ነበር። ቦርግ የበረዶ ሆኪ የሚወድ ልጅ ስለነበር ባክሃንዱን የሚመታው የሆኪ በትር እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር፤ ሮስበርግ ግን ልጁን ልማድህን ለውጥ ብሎ አላስገደደውም። ቦርግም በዚያው ምት የፈረንሳይን ውድድር 6 ጊዜ፣ ከ1976 እስከ 1980 ደግሞ ዊምብልደንን በተከታታይ 5 ጊዜ አሸነፈ።

ከዓመታት በኋላ ስቴፋን ኤድበርግ የሚባል ሌላ ልጅ መጣ። ይህም እንደ ቦርግ በሁለት እጁ ይመታ ነበር። ዘመኑ ደግሞ የቦርግ ነው፤ በስዊድን በሁለት እጅ መምታት የሚያስመሰግን ሆኗል። ሮስበርግ ግን ኤድበርግን አንድ እጁን እንዲለቅ መከረው። ኤድበርግ እንደ ቦርግ በሜዳው ጫፍ ቆሞ ኳስ እየመለሰ ተጋጣሚውን የሚያደክም አልነበረም፤ ጨዋታው ወደ መረብ ሮጦ መጨረስ ነበር። ለእንዲህ ያለ ተጫዋች ነጻ የሆነ አንድ እጅ ያዋጣዋል። ኤድበርግ በ1983 አራቱንም ታላላቅ የታዳጊዎች ውድድሮች በአንድ ዓመት ጠቅልሎ አሸነፈ፤ አዋቂ ሲሆንም 6 ታላላቅ ዋንጫዎችን ወሰደ። የአንድ እጅ ባክሃንዱም ከዘመኑ ምርጥ ምቶች አንዱ ነበር።

እንግዲህ አሰልጣኙ አንድ ነው፤ ለሁለት ልጆች የመከረው ግን የተለያየ ነው። ሁለቱም ምክሮች ትክክል ሆነው ተገኙ። ሮስበርግ መጀመሪያ የተመለከተው ልጆቹን እንጂ ምቱን አልነበረም ማለት ይቻላል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ አንድ እጅ ይሻላል ወይስ ሁለት ብሎ ከመከራከር በፊት የሚመታው ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

አያያዝ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የራኬት እጀታ ክብ አይደለም፤ ስምንት ገጽ አለው። ራኬቱን በግራ እጃችሁ አንገቱ ላይ ይዛችሁ፣ የተወጠሩት ክሮች ግራና ቀኝ እንዲያዩ አድርጋችሁ በጠርዙ አቁሙት። አሁን ከእጀታው ገጾች አንዱ በቀጥታ ወደ ሰማይ ያያል። የቀኝ እጃችሁ አመልካች ጣት ሥር ያለው መጋጠሚያ በዚህ የላይኛው ገጽ ላይ ይረፍ። የአንድ እጅ ባክሃንድ አያያዝ መሠረቱ ይህ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በፎርሃንድ አያያዝ መጋጠሚያው የሚያርፈው በቀኝ ጎን ባለው ገጽ አካባቢ ነው። ተጫዋቹ ያንን ሳይለውጥ ባክሃንድ ሲመታ የራኬቱ ፊት ወደ ሰማይ ይከፈታል፤ ኳሱም ሽቅብ ይወጣል። ይህን ለማረም የእጁን አንጓ ሲያጣምም ደግሞ ክንዱ ይጎዳል። ስለዚህ ኳሱ ወደ ግራ እንደመጣ በታወቀበት ቅጽበት አያያዝ መለወጥ አለበት። የሚለውጠው ግራ እጅ ነው፤ የራኬቱን አንገት ይዞ ሲያዞረው ቀኝ እጅ ላላ ብሎ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ በአንድ እጅ ምት ግራ እጅ ሥራ ፈት ነው ማለት አይደለም፤ የሚለቀው ራኬቱን ካዘጋጀ በኋላ ነው።

ጎራዴ ከሰገባው እንደሚመዘዝ

ቀጥሎ የሚመጣው ትከሻ ነው። ግራ እጅ ራኬቱን ወደ ኋላ ሲስብ ትከሻ አብሮ ይዞራል፤ ቀኝ ትከሻችሁ ወደ መረቡ፣ ጀርባችሁ ደግሞ በከፊል ወደ ተጋጣሚያችሁ እስኪያይ ድረስ። አገጫችሁ ከቀኝ ትከሻችሁ በላይ ሆኖ ኳሱን ይመልከት። ይህ ሁሉ ኳሱ መረቡን ሳያልፍ መጠናቀቅ አለበት። የሁለት እጅ ተጫዋች ጥቂት ቢዘገይ ይማራል፤ የአንድ እጅ ተጫዋች ግን አይማርም።

ከዚያ ቀኝ እግር ወደ ፊት ይረገጣል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ የሰውነት ክብደት ወደዚያ እግር ይሄዳል። የራኬቱ ራስ ከኳሱ በታች ይወርዳል። አሁን አንድ ሰው በግራ ጎኑ ከታጠቀው ሰገባ ጎራዴ ሲመዝ አስቡ፤ እጁ ከግራ ዳሌው ተነስቶ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይሄዳል። ምቱም እንዲሁ ነው። ክንድ የሚያገኘው ጉልበት ከእግር፣ ከዳሌና ከትከሻ ተያይዞ የመጣ ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ክንድ ወዲያው ይደክማል።

ኳሱ የሚመታው ከቀኝ እግር ፊት ለፊት ነው፤ ከሰውነት ጎን ወይም ከኋላ አይደለም። በዚያን ቅጽበት ክንዱ ተዘርግቷል፣ የእጅ አንጓው ጸንቷል፣ የራኬቱ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ራኬቱ ከታች ወደ ላይ ስለሚሄድ ኳሱ ወደ ፊት እየተሽከረከረ ይበራል፤ ይህ ቶፕስፒን የሚባለው ሽክርክሪት ኳሱ መረቡን በከፍታ ካለፈ በኋላ ሜዳው ውስጥ እንዲወድቅ ያደርገዋል።

ግራ እጅስ? ቀኝ እጅ ወደ ፊት ሲሄድ ግራ እጅ ወደ ኋላ ይዘረጋል። በፎቶግራፍ ላይ ተጫዋቹ ክንፉን እንደዘረጋ ወፍ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎች ለውበት የተደረገ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ሥራ አለው። ግራ ክንድ ወደ ኋላ ካልቀረ ደረት ቶሎ ወደ መረቡ ይከፈታል፣ ራኬቱም አቅጣጫውን ስቶ ኳሱን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ምቱ ካለቀ በኋላም ለአንድ አፍታ እንዳላችሁ ቆዩ፤ ዓይናችሁ ኳሱ በተመታበት ቦታ ላይ ይሁን።

ደረጃ በደረጃ

ሀ. ያለ ኳስ። በመስታወት ፊት ቆማችሁ አያያዝ መለወጥ፣ ትከሻ ማዞር፣ መርገጥና መምታትን በቀስታ ተለማመዱ። በየቀኑ 20 ጊዜ ብታደርጉት ሁለት መቶ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ከማድረግ ይሻላል። ሰውነት የሚማረው በድግግሞሽ ነው።

ለ. በተጣለ ኳስ። ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ አጠገባችሁ ቆመው ኳሱን ከፊታችሁ በእጅ ይጣሉላችሁ። አንዴ ነጥሮ ሲነሳ ምቱት። ኃይል አትፈልጉ፤ ኳሱ ራኬቱ መሀል ላይ መምታቱን የሚነግራችሁን ድምፅ ፈልጉ።

ሐ. በግንብ ወይም በአጭር ሜዳ። ሙሉ ሜዳ ማግኘት ለሁሉም አይሳካም። ለስላሳ መሬት ያለውና ጎረቤት የማያስቸግር ግንብ ካገኛችሁ ግንብ የማይደክም ጓደኛ ነው። ግንቡ ላይ መረቡ የሚደርስበትን ከፍታ በኖራ አስምሩ፤ ከመስመሩ በላይ ብቻ ምቱ።

መ. ስላይስን ጎን ለጎን። እጃችሁን ከላይኛው ገጽ ወደ ቀኝ አንድ ገጽ ብታዞሩት መዶሻ እንደመያዝ ያለ አያያዝ ይሆናል። በዚህ አያያዝ ራኬቱን ከትከሻ ከፍታ ጀምሮ ወደ ፊትና ጥቂት ወደ ታች ስትስቡት ኳሱ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ስላይስ ለጀማሪ መጠጊያ ነው፤ ቶፕስፒኑ እስኪበስል ድረስ በጨዋታ ላይ ኳሱን ይመልስላችኋል። ነገር ግን መጠጊያው ቤት ሆኖ እንዳይቀር ተጠንቀቁ፤ ከባዱን ምት የሚፈራ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲቆርጥ ይኖራል።

ሠ. በግጥሚያ። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ የሚያመውም ይኸኛው ነው። በልምምድ ላይ ያማረው ምት ነጥብ ሲቆጠር ይጠፋል። እጅ ወደ ለመደው መመለስ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ከውጤቱ ይልቅ ‹‹ዛሬ ስንት ጊዜ ሳልፈራ መታሁ?›› ብሎ መቁጠር ይሻላል።

ሕፃናትን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ2012 ጀምሮ ዕድሜያቸው 10 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ውድድር መደበኛው ኳስ እንዳይሠራበት ደንግጓል። በምትኩ ቀርፋፋ የሆኑ ቀይ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ ኳሶች አሉ፤ ቀዩ ከመደበኛው 75 በመቶ ያህል ይዘገያል። መደበኛው ኳስ ነጥሮ ከልጁ ራስ በላይ ይሄድበታል፤ ቀዩ ግን ወገቡ አካባቢ ይመጣለታል። አንድ እጅ ለትንሽ ልጅ አይሆንም ይባል የነበረው በከፊል በኳሱ ምክንያት ነበር።

ክርን ሲያም

በአንድ እጅ ምት ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች የታወቀው ‹‹የቴኒስ ክርን›› የሚባለው ነው። ሕመሙ የሚሰማው በክርን የውጭ ጎን ላይ ነው፤ ብርጭቆ ማንሳት ወይም የበር እጀታ ማዞር ሳይቀር ያስቸግራል። ጀማሪዎችን የሚያጠቃው አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ዘግይተው፣ ክርናቸውን አስቀድመውና የእጅ አንጓቸውን አጥፈው ስለሚመቱ ነው። ሕመም ሲጀምር ‹‹በልምምድ ይለቃል›› ብሎ መቀጠል ስህተት ነው። ማረፍ፣ ካልተሻለ ሐኪም ማየት፣ ሲመለሱም አመታትን ማረም ያስፈልጋል። ከባድ ራኬትና በጣም የተወጠሩ ክሮችም ለጀማሪ ክንድ አይስማሙም።

‹‹ጉልበት የለኝም›› ለሚሉ

አንድ እጅ የጡንቻ ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ። ለእነዚህ የቤልጅየሟን ጀስቲን ሄኒንን ማስታወስ ይበቃል። ቁመቷ 1.67 ሜትር ብቻ ነበር፤ ከእርሷ በብዙ የሚረዝሙና የሚከብዱ ተጋጣሚዎች ነበሯት። ቢሆንም በአንድ እጅ ባክሃንዷ የፈረንሳይን ውድድር በ2003፣ በ2005፣ በ2006 እና በ2007 አሸንፋለች። ጉልበቷ የመጣው በጊዜ ከመዘጋጀትና ትከሻን ሙሉ በሙሉ ከማዞር ነበር። ከሰሜን አፍሪካም ካዛብላንካ የተወለደውን ሞሮኳዊ ሂሻም አራዚን እንጠቅሳለን። ግራኝ ነበር፣ ሰውነቱም ቀጭን ነበር፤ የአንድ እጅ ባክሃንዱ ግን ተመልካችን ያስደስት ነበር። በ1997 እና በ1998 በፓሪስ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደርሷል።

ከትከሻ በላይ የመጣ ኳስ

የአንድ እጅ ምት ትልቁ ድካም ከትከሻ በላይ ነጥሮ የሚመጣ ኳስ ነው። ክንዱ እዚያ ከፍታ ላይ ኃይል የለውም። ይህን ከሮጀር ፌደረር የበለጠ የቀመሰው የለም። ግራኙ ራፋኤል ናዳል በከባድ ሽክርክሪት የሚልከው ኳስ ነጥሮ የሚነሳው በፌደረር ባክሃንድ በኩል፣ ከትከሻው በላይ ነበር። በፓሪስ የቀይ አፈር ሜዳ ፌደረር በ2006፣ በ2007፣ በ2008 እና በ2011 በፍጻሜ ለናዳል ተሸነፈ። ከ2007ቱ የዊምብልደን ፍጻሜ በኋላ ለዓመታት በታላላቅ ውድድሮች ላይ አንድም ጊዜ ሊያሸንፈው አልቻለም።

ታዲያ ምን አደረገ? ሁለተኛውን እጅ አልጨመረም። በ2014 የራኬቱን ፊት ከ90 ወደ 97 ካሬ ኢንች አሰፋ። በዚያው ዓመትና በ2015 ከጎኑ ሆኖ ከመከሩት አንዱ ከላይ ያነሳነው ስቴፋን ኤድበርግ ነበር። በጉልበት ጉዳት ምክንያት ስድስት ወር ከሜዳ ርቆ ከተመለሰ በኋላ በጥር 2017 በአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ከናዳል ጋር ተገናኘ። ዕድሜው 35 ነበር። በአምስተኛው ምድብ 3 ለ 1 እየተመራ ነበር። በዚያ ቀን ግን ባክሃንዱን ወደ ኋላ እየሸሸ አልመታም፤ ወደ ፊት ገብቶ ኳሱ ነጥሮ ከትከሻው ሳያልፍ ገና ሲነሳ ይመታው ነበር። አምስት ጨዋታዎችን በተከታታይ ወስዶ 6 ለ 3 አሸነፈ።

ለወጣት ተጫዋች ትምህርቱ ይህ ነው። ከፍ ያለ ኳስ ሲመጣ መንገዱ ሦስት ነው፦ ወደ ፊት ገብቶ ሲነሳ መምታት፣ ወደ ኋላ ሄዶ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ወይም በስላይስ መመለስ። ቆሞ ከትከሻ በላይ መታገል ግን መንገድ አይደለም።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ ምቱን ለመቀየር ሲነሳ ከባዱ ሥራ የእናንተም ነው። ልጁ ሲሸነፍ ታያላችሁ። ባለፈው ዓመት ያሸነፈው ልጅ ሲያሸንፈው፣ የዚያ ልጅ አባት አጠገባችሁ ተቀምጦ ሲስቅ ታያላችሁ። በዚያን ጊዜ ‹‹በቃ፣ ወደ ድሮው ተመለስ›› የሚለው ቃል ከአፋችሁ ሊያመልጥ ይችላል። ልጅ በየሳምንቱ ምክር ሲለዋወጥበት ድሮውንም አዲሱንም ያጣል።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁ። ፍላጎቱ የልጁ ነው ወይስ ፌደረርን የወደደ አባት? ልጁ ሽንፈትን የሚችል ነው ወይስ በአንድ ሽንፈት ራኬቱን የሚጥል? ወደ መረብ መሄድ ይወዳል? ክንዱና ትከሻው ለዕድሜው በቂ ነው? የሚከታተለው አሰልጣኝ አለ? መልሱ ‹‹አይደለም›› ከሆነ በሁለት እጅ መቀጠል ነውር አይደለም፤ ቦርግ ምስክር ነው። መልሱ ‹‹አዎ›› ከሆነ ደግሞ ጊዜ ስጡት፤ የጊዜውንም ርዝመት በሳምንታት ሳይሆን በወራትና በዓመታት ለኩት። ከግጥሚያ ሲመለስ ‹‹አሸነፍክ?›› ከማለት በፊት ‹‹ዛሬ ምቱ እንዴት ነበር?›› ብላችሁ ጠይቁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ አባቶች!

ምቱ ሊጠፋ ነውን?

በየካቲት 2024 የወንዶች የዓለም ደረጃ በ1973 መውጣት ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ 10 ተጫዋቾች መካከል ባክሃንዱን በአንድ እጅ የሚመታ አንድም ሰው አልተገኘም። ብዙዎች የዚህን ምት መርዶ ተናገሩ። ሆኖም በዚያው ዓመት ሚያዝያ መባቻ ቡልጋሪያዊው ግሪጎር ዲሚትሮቭ ከአሥሩ ተርታ ተመለሰ፤ በ2025 ደግሞ ወጣቱ ጣሊያናዊ ሎሬንዞ ሙሴቲ በዚሁ ምት እዚያው ደረሰ። ኳሱ ከቀድሞው ይልቅ በፍጥነትና በከፍታ በሚመጣበት በዚህ ዘመን የአንድ እጅ ተጫዋቾች ቁጥር ማነሱ እውነት ነው። መጥፋቱ ግን አልታየም።

ወጣቶች ሆይ! ከእናንተ መካከል ዊምብልደን የሚደርስ ይኖር ይሆናል፤ አብዛኞቻችሁ ግን በሰፈር ሜዳ ወይም በግንብ ሥር የምትጫወቱ ናችሁ። ለእናንተም ቢሆን ይህ ምት የሚያስተምረው አለ። የ14 ዓመቱ ልጅ ግራ እጁን ሲለቅ የለቀቀው የትናንትናውን ድልም ጭምር ነበር። ሲሸነፍ ከመጠን በላይ አልተደናገጠም፤ የነገውን አስቦ ነገ በአያያዙ ጀመረ፣ ትከሻውን አዞረ፣ እንደገና መታ። እናንተም ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ቆማችሁ ሃያውን ጀምሩ። መልካም ልምምድ!